በሩን ያስከፈተው ማኅበር፦ የሴቶች ሩጫ ከፓሪስ እስከ አዊ

ነሐሴ 1 ቀን 1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ ደራርቱ ቱሉ በ10 ሺህ ሜትር ስታሸንፍ፣ የኦሊምፒክ ወርቅ ያጠለቀች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ሆነች። ይህን ያልሰማ ኢትዮጵያዊ የለም። ብዙም የማይነሳው ሌላው ጉዳይ ነው፤ የሴቶች 10 ሺህ ሜትር በኦሊምፒክ ሲካሄድ ያ ገና ሁለተኛው ነበር። የመጀመሪያው ከአራት ዓመት በፊት ሴኡል ላይ ተካሂዷል፤ ኢትዮጵያ ግን እዚያ አልነበረችም። ከሴኡል በፊት በነበሩት ኦሊምፒኮች በሙሉ ይህን ርቀት የሚሮጡት ወንዶች ብቻ ነበሩ። ደራርቱ አሥር ዓመት ቀድማ ተወልዳ ቢሆን ኖሮ፣ በሃያ ዓመቷ ያን ጉልበትና ያን የመጨረሻ ዙር ፍጥነት ይዛ የምትገባበት የኦሊምፒክ 10 ሺህ ሜትር አልነበረም።

በሩ ታዲያ እንዴት ተከፈተ? የስፖርት ታሪክ ሲወራ የሯጮች ስም ይቀድማል። የሴቶችን ሩጫ ታሪክ ለሚመረምር ሰው ግን ከሯጮቹ ፊት አንድ ማኅበር ይገኛል። በሴቶች የተመሠረተ፣ በሴቶች የተመራ፣ የራሱን ሜዳ ተከራይቶ የራሱን ሰዓት የያዘ፣ 15 ዓመት ብቻ የኖረ ማኅበር ነው። ሲቋቋም ምን እንዳተረፈ፣ ሲፈርስ ምን እንደጠፋ ማወቅ ዛሬም ይጠቅማል፤ በተለይ በአዊ ዞን እንደምትገኘው ዳንግላ ላለች ከተማ። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት፣ ዓ.ም. ተብለው ካልተጻፉ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሴት ከአጥሩ ውጭ

ዘመናዊው ኦሊምፒክ በ1896 አቴንስ ላይ ሲጀመር አንዲትም ሴት አልተወዳደረችም። መሥራቹ ፈረንሳዊው ፒየር ደ ኩበርታን የሴት ድርሻ ለአሸናፊው ማጨብጨብ ነው ብለው የሚያምኑ ሰው ነበሩ፤ እስከ ዕድሜያቸው መጨረሻም ከዚህ አቋማቸው ንቅንቅ አላሉም። ያም ሆኖ በ1900 ፓሪስ ላይ ጥቂት ሴቶች በቴኒስ፣ በጎልፍና በመሳሰሉት ገቡ። እንግሊዛዊቷ ሻርሎት ኩፐር በቴኒስ አሸንፋ በግል ውድድር የመጀመሪያዋ ሴት የኦሊምፒክ ባለድል ሆነች። በ1912 ስቶክሆልም ላይ ደግሞ ዋና ተፈቀደና አውስትራሊያዊቷ ፋኒ ዱራክ 100 ሜትሩን ወሰደችው።

የኦሊምፒክ ልብ የሆነው አትሌቲክስ ግን ተዘግቶ ቀረ። ሩጫ፣ ዝላይና ውርወራ የሴትን ማህፀን ይጎዳል፣ ቶሎ ያስረጃል፣ መልኳን ያበላሻል የሚሉ ሐኪሞች ጥቂት አልነበሩም። ያው ዘመን ሴት ልጅ በፋብሪካ ቀኑን ሙሉ ቆማ ስትውል፣ በእርሻ ጭድ ስትሸከም፣ ማንም ስለ ማህፀኗ አልተጨነቀም። ጭንቀቱ የመጣው ቁምጣ ለብሳ፣ ሰው እያያት፣ ለራሷ ክብር ልትሮጥ ስትነሳ ነው።

አንደኛው የዓለም ጦርነት ነገሩን አናጋው። ወንዶቹ ጦር ሜዳ ሲሄዱ ሴቶቹ ፋብሪካውን፣ ትራሙንና ቢሮውን ያዙ፤ ከሥራ በኋላም በቡድን ተሰብስበው መጫወት ጀመሩ። እንግሊዝ አገር ፕሬስተን ከተማ ላይ የዲክ ከር ፋብሪካ ሠራተኞች ያቋቋሙት የሴቶች እግር ኳስ ቡድን በታኅሣሥ 1920 ሊቨርፑል በሚገኘው ጉዲሰን ፓርክ ሲጫወት 53 ሺህ ሰው ገብቶ ተመለከተ። ዓመት ሳይሞላ የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር ጨዋታው ለሴቶች አይገባም ብሎ በማኅበሩ ሥር ባሉት ክለቦች ሜዳ ላይ እንዳይጫወቱ አገደ። እገዳው ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ቆየ። ሴቶቹ ተመልካች ነበራቸው፣ ችሎታም ነበራቸው፤ ሜዳው ግን የሌላ ሰው ነበር፤ ባለቤቱም አንድ ቀን ተነስቶ ነጠቃቸው።

የናንቷ ወይዘሮ

ከባሕሩ ማዶ ፈረንሳይ ውስጥ ይህን ቀድሞ የገባቸው ሰው ነበሩ። ወይዘሮ አሊስ ሚሊያ በ1884 ናንት ከተማ ተወለዱ። ወደ እንግሊዝ ሄደው ሠሩ፣ እዚያው አገቡ፣ ብዙም ሳይቆዩ ባላቸው ሞቱባቸው። ልጅ አልነበራቸውም። ወደ ፓሪስ ተመልሰው በትርጉም ሥራ ይተዳደሩ ጀመር። ጀልባ መቅዘፍ ይወዱ ነበርና ፌሚና ስፖርት የሚባለው የሴቶች ክለብ ውስጥ ገቡ፤ ከዚያም ፕሬዚዳንቱ ሆኑ።

ክለቡ ሴቶችን ያሯሩጣል፣ ኳስ ያጫውታል፣ ያስቀዝፋል። በ1917 እንዲህ ያሉ ክለቦች ተሰባስበው የፈረንሳይ ሴቶች ስፖርት ማኅበራት ፌዴሬሽንን አቋቋሙ። ወይዘሮ ሚሊያ መጀመሪያ ገንዘብ ያዥ ነበሩ፤ በ1919 የፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ሆኑ። ገንዘብ ያዥ ሆኖ የጀመረ ሰው ማኅበር በምን እንደሚቆም ያውቃል፦ በመዋጮ፣ በመዝገብ፣ በተቆረጠ ቀነ ቀጠሮ።

በዚያው ዓመት ለዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ ሴቶች በአትሌቲክስ እንዲካተቱ ጥያቄ አቀረቡ፤ እምቢ ተባሉ። ደግመው ደጅ ሊጠኑ ይችሉ ነበር። እሳቸው ግን የራሳቸውን ጨዋታ አዘጋጁ። በመጋቢት 1921 የአምስት አገር ሴቶች ሞንቴ ካርሎ ላይ ተሰብስበው ተወዳደሩ። ጥቅምት 31 ቀን ደግሞ ፓሪስ ላይ ዓለም አቀፉ የሴቶች ስፖርት ፌዴሬሽን ተመሠረተ፤ ፕሬዚዳንቷም ወይዘሮ ሚሊያ ሆኑ።

ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። የዲክ ከር ሴቶች የሚጫወቱት በሌሎች ሜዳ፣ በሌሎች ፈቃድ ነበር። የፓሪሶቹ ደንብ አወጡ፣ ዳኛ ሰየሙ፣ ክብረ ወሰን መዘገቡ፣ ከአገር አገር ደብዳቤ ተጻጻፉ። ማንም ቢከለክላቸው በራሳቸው ደንብ መወዳደር ይችላሉ።

አንድ ቀን፣ አሥራ አንድ ውድድር

ነሐሴ 20 ቀን 1922 ፓሪስ በሚገኘው ፐርሺንግ ስታዲየም የመጀመሪያው የሴቶች ኦሊምፒክ ተከፈተ። የመጡት ፈረንሳይ፣ እንግሊዝ፣ አሜሪካ፣ ቼኮዝሎቫኪያና ስዊዘርላንድ ናቸው። ሁሉም በአንድ ቀን አለቀ፦ 77 ተወዳዳሪ፣ 11 ውድድር፣ 20 ሺህ ያህል ተመልካች። በዚያ ቀን 18 ክብረ ወሰኖች ተሰበሩ ተብሎ ተመዘገበ።

ቁጥሩ እንዳያስደንቀን፤ ከዚያ በፊት የሴትን ሰዓት በወጉ የያዘ ስላልነበረ ብዙው ነገር አዲስ ነበር። ዋናው ቁም ነገርም ይኸው ነው። ሰዓቷ ያልተያዘ ሯጭ ሮጠች አይባልም። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ሴት ስንት ሜትር በስንት ሰከንድ እንደምትሮጥ የሚመሰክር መዝገብ ተገኘ፤ የሐኪሞቹን ግምት በሰዓት ያዢው እጅ ባለው ቁጥር መመለስ ተቻለ።

ከ11ዱ ውድድሮች መካከል አንዱን ልብ እንበል፦ 1000 ሜትር። ፈረንሳያዊቷ ሉሲ ብሬያር በ3 ደቂቃ ከ12 ሰከንድ አሸነፈች። ይህ ከመቶ ሜትር የሚዘል፣ ትንፋሽና ብልሃት የሚጠይቅ ርቀት ነው። የሴቶቹ ማኅበር ገና በመጀመሪያ ቀኑ መካከለኛ ርቀትን ከዝርዝሩ አስገብቷል። ይህን እናስታውሰው፤ ኋላ ላይ የሚጠፋው እሱ ነውና።

የኦሊምፒክ ኮሚቴው በሩጫው ሳይሆን በስሙ ተቆጣ። ኦሊምፒክ የሚለውን ስም ማንም እንዳሻው ሊጠራበት አይችልም አለ። ድርድር ተጀመረ። የሴቶቹ ማኅበር ስሙን ሊተው፣ በለውጡ ደግሞ ዋናው ዓለም አቀፍ የአትሌቲክስ ፌዴሬሽን ሴቶችን ወደ ኦሊምፒክ ሊያስገባ ተግባቡ። በ1926 ስዊድን ጎተንበርግ ላይ የተካሄደው ሁለተኛው ጨዋታ የሴቶች የዓለም ጨዋታዎች ተብሎ ተጠራ።

ከጃፓን ብቻዋን የመጣችው

ጎተንበርግ ላይ ከሩቅ ምሥራቅ አንዲት ልጅ ብቅ አለች። ኪኑዌ ሂቶሚ ትባላለች፤ 19 ዓመቷ ነው። አገሯ የላከችው እሷን ብቻ ነው። በሳይቤሪያ የባቡር ሐዲድ እስያን አቋርጣ ሞስኮ ላይ ወርዳ ከዚያ ወደ ስዊድን ዘለቀች። በርዝመት ዝላይ 5 ሜትር ከ50 ዘልላ አሸነፈች፤ ያለ መንደርደር በሚዘለውም አሸነፈች። ብቻዋን ያመጣችው ነጥብ ሙሉ ቡድን ይዘው ከመጡ አገሮች ጋር ስላስተካከላት ከወይዘሮ ሚሊያ እጅ የክብር ሽልማት ተቀበለች።

ሂቶሚ ከወይዘሮ ሚሊያ ማኅበር በፊት ይህን ልታደርግ አትችልም ነበር። በጃፓን ያሉ ሰዎች ሴት ልጅ እግሯን ገልጣ ስትሮጥ ማየት ነውር ነው ይሉ ነበር፤ ይህን ዘለፋ በስድብ ደብዳቤ የላኩላትም ነበሩ። ግን የምትሄድበት ውድድር፣ የሚጠራት ማኅበር፣ የሚጻፍላት ውጤት ስለነበረ መሄድ ቻለች። ማኅበር ለሩቅ ልጅ የሚጠቅማት እንዲህ ነው። አገሯ ባይቀበላት እንኳ የሚጠብቃት መም ይኖራል።

ዘጠኝ ሮጡ፣ ዘጠኝ ጨረሱ

በ1928 አምስተርዳም ላይ ሴቶች ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ኦሊምፒክ አትሌቲክስ ገቡ። የተሰጣቸው አምስት ውድድር ብቻ ነበር፦ 100 ሜትር፣ 800 ሜትር፣ 4 በ100 ዱላ ቅብብል፣ ከፍታ ዝላይና ዲስከስ። ወንዶቹ ከ20 በላይ ነበራቸው። የእንግሊዝ ሴቶች ይህ ንቀት ነው ብለው ቀሩ። ወይዘሮ ሚሊያ ግን በአንድ እጅ ያገኙትን ይዘው በሌላው ለመታገል መርጠው ሄዱ፤ በዳኝነትም ተቀመጡ።

ነሐሴ 2 የ800 ሜትር ፍጻሜ ተካሄደ። ሂቶሚ 100 ሜትሩ ሳይሳካላት ስለቀረ፣ ባዶ እጄን አልመለስም ብላ ከዚያ በፊት ተወዳድራበት በማታውቀው 800 ተመዘገበች። ዘጠኝ ሴቶች ተሰለፉ። ጀርመናዊቷ ሊና ራድከ በ2 ደቂቃ ከ16.8 ሰከንድ ቀድማ ገባች፤ ሂቶሚ ሁለተኛ፣ ስዊድናዊቷ ኢንጋ ጌንትዘል ሦስተኛ። ከኋላ ካናዳዊቷ ቦቢ ሮዘንፌልድ፣ የቡድን ጓደኛዋ ጂን ቶምፕሰን ስትደክም አይታ አጠገቧ ደረሰች፤ እያበረታታች አብራት ሮጠች፤ መስመሩ ላይ ግን አልቀደመቻትም። ቶምፕሰን አራተኛ፣ ሮዘንፌልድ አምስተኛ ሆኑ። ዘጠኙም ጨረሱ። ደክሟቸው ሣር ላይ የተዘረጉ ነበሩ፤ 800 ሜትርን በሙሉ ኃይሉ ሮጦ የማይዘረጋ ወንድም ጥቂት ነው።

በማግስቱ ጋዜጦች ሌላ ነገር ጻፉ። አንዳንዱ 11 ሴት ሮጠው አምስቱ አቋርጠው ወደቁ አለ፤ ሌላው አሳዛኝ ትርኢት አለው። የተሰለፈውን ቁጥር እንኳ በትክክል አልያዙም። የዚህ ወሬ ውጤት ግን እውነተኛ ነበር። 800 ሜትር ከሴቶች ኦሊምፒክ ተሰረዘ። በ1932 ሎስ አንጀለስ ላይ ሴት ልጅ በግሏ የምትሮጠው ረጅሙ ርቀት 100 ሜትር ሆነ።

ሂቶሚ ከሁለት ዓመት በኋላ አምስት የአገሯን ልጆች አስከትላ ወደ ፕራጉ የሴቶች የዓለም ጨዋታዎች ሄደች። ከዚያ ጉዞ ስትመለስ ደከመች፤ በሳንባ በሽታ ተይዛ በ24 ዓመቷ አረፈች። የሞተችበት ቀን ነሐሴ 2 ቀን 1931 ነው፤ ያ 800 ሜትር ከተሮጠ ልክ ሦስት ዓመት ሞልቶት ነበር።

ማኅበሩ ሲፈርስ

የማኅበሩ ዋጋ ይበልጥ የሚታየው ኦሊምፒክ በሩን መልሶ ሲዘጋ ነው። 800 ሜትር ከኦሊምፒክ ቢሰረዝም ከሴቶች የዓለም ጨዋታዎች አልተሰረዘም። በ1930 ፕራግ ላይ፣ በ1934 ለንደን ላይ ሴቶች 800 ሮጠዋል። በአምስት አገር የጀመረው ማኅበር ለንደን ሲደርስ 19 አገሮች ይሳተፉበት ነበር። ጋዜጣ የሚያወራውን ወሬ፣ ኮሚቴ የሚወስነውን ውሳኔ የሚቋቋም ሁለተኛ ቤት ለሴቶቹ ነበራቸው ማለት ነው።

ይህ ቤት ግን በሁለት በኩል ይነቀነቅ ጀመር። በአንድ በኩል ገንዘብ ጠፋ፤ ከዓለም የኢኮኖሚ ውድቀት በኋላ ከፈረንሳይ መንግሥት ይመጣ የነበረው ድጎማ ደረቀ። በሌላ በኩል ትልቁ የአትሌቲክስ ፌዴሬሽን የሴቶችን ስፖርት ጠቅልሎ ለመውሰድ ፈለገ። ወይዘሮ ሚሊያ የመጨረሻ ጥያቄያቸውን አቀረቡ፦ ወይ ሙሉ ዝርዝር ውድድር ስጡን፣ ወይም ከነጭራሹ ተዉን፣ የራሳችንን እናካሂዳለን። በ1936 ማኅበሩ ፈረሰ፤ ሥራው ለዚያው የወንዶች ፌዴሬሽን ተላለፈ። እሳቸውም ከአደባባይ ጠፉ፤ በ1957 ፓሪስ ውስጥ ሲሞቱ ያስታወሳቸው እምብዛም አልነበረም። ሐውልታቸው በፈረንሳይ ኦሊምፒክ ኮሚቴ ቤት የቆመላቸው በ2021 ነው።

መጠቅለሉ ጥቅም አልነበረውም አይባልም። የሴቶች ክብረ ወሰን በዋናው መዝገብ ገባ፤ በ1938 ቪየና ላይ የመጀመሪያው የአውሮፓ ሴቶች ሻምፒዮና ተካሄደ። ዝርዝሩን ያየ ሰው ግን የጎደለውን ወዲያው ያገኘዋል። 800 ሜትር የለም። የሴቶቹ ማኅበር በ1922 በ1000 ሜትር የጀመረውን፣ በ1934 በ800 ያቆየውን፣ አዲሱ ባለቤት አንስቶ ጣለው። በአውሮፓ ሻምፒዮና 800 የተመለሰው በ1954 ነው፤ በኦሊምፒክ ደግሞ በ1960 ሮም ላይ፤ አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ማራቶንን ባሸነፈበት በዚያው ኦሊምፒክ። ሶቪየታዊቷ ሉድሚላ ሼቭትሶቫ 2 ደቂቃ ከ4.3 ሰከንድ ገባች።

ከዚያ ወዲህ በሩ በየኦሊምፒኩ ስንዝር በስንዝር ሲከፈት ኖረ፦ 400 ሜትር በ1964፣ 1500 ሜትር በ1972፣ 3000 ሜትርና ማራቶን በ1984፣ 10 ሺህ ሜትር በ1988፣ 5000 ሜትር በ1996፣ 3000 ሜትር መሰናክል በ2008። ከሉሲ ብሬያር 1000 ሜትር እስከ ሴኡሉ 10 ሺህ ሜትር 66 ዓመት አለፈ። የራሳቸው ቤት ሳይፈርስ ቢቆይ ኖሮ ይህን ያህል ይፈጅ ነበር ብሎ ለማመን ይከብዳል።

እኛ በዚያ ዘመን

ጎተንበርግ፣ ፕራግና ለንደን ላይ ሴቶች ሲሮጡ ዳንግላ ከአውሮፓ ያን ያህል የተቆረጠች መንደር አልነበረችም። ከ1920ዎቹ አጋማሽ እስከ 1930ዎቹ አጋማሽ የእንግሊዝ ቆንስላ መቀመጫ ነበረች። ቆንስሉ ሜጀር ሮበርት ቺዝማን ከዚህ እየተነሱ በበቅሎ የጣናን ዳርቻና የዓባይን ሸለቆ አጠኑ፤ ያዩትን በ1936 በታተመ መጽሐፍ አስፍረዋል። የአገር ሽማግሌና የቆንስል ባለሥልጣን፣ ነጋዴና መልእክተኛ በዳንግላ ይመላለስ ነበር። ለሴት ልጅ ግን ትምህርት ቤት እንኳ ብርቅ ነበር። በአገሪቱ ለሴቶች ተብሎ በመንግሥት የተከፈተው እቴጌ መነን ትምህርት ቤት አዲስ አበባ ላይ የተመረቀው በ1931 ነው፤ አራት ዓመት ያህል ቆይቶ የፋሺስት ወረራ መጣ።

ኢትዮጵያ ኦሊምፒክ የገባችው በ1956 ሜልቦርን ላይ በወንዶች ብቻ ነው። ሴት አትሌት የላከችው በ1980 ሞስኮ ላይ ነው፤ ፋንታዬ ሲራክ በ800፣ አምሳለ ወልደገብርኤል በ1500 ሜትር ሮጡ። ሜዳሊያ አላመጡም፤ ስማቸውንም ዛሬ የሚያነሳ ጥቂት ነው። ልብ በሉ ግን፦ ሁለቱም የሮጡባቸው ርቀቶች፣ አንዱ በ1960 የተመለሰ፣ ሌላው በ1972 የተፈቀደ ነበር። በ1984 እና በ1988 አገራችን በፖለቲካ ምክንያት በኦሊምፒክ ሳትሳተፍ ቀርታለች፤ የሴቶች ማራቶንና 10 ሺህ ሜትር የተከፈቱት በእነዚያው ሁለት ዓመታት ነው። ስለዚህ ደራርቱ ባርሴሎና ስትደርስ በሩ ተከፍቶ አገሯም በቦታው ተገኝታ ነበር። ፋጡማ ሮባ በ1996 አትላንታ ላይ በማራቶን፣ መሠረት ደፋር በ2004 አቴንስ ላይ በ5000 ሜትር፣ ጥሩነሽ ዲባባ በ2008 ቤይጂንግ ላይ በ5000 እና በ10 ሺህ ሜትር፣ አልማዝ አያና በ2016 ሪዮ ላይ በ10 ሺህ ሜትር በ29 ደቂቃ ከ17.45 ሰከንድ የዓለም ክብረ ወሰን ያሸነፉባቸው ውድድሮች በሙሉ ለሴት ከተፈቀዱ ዕድሜያቸው አጭር ነበር።

ደራርቱ ደግሞ በመም ላይ አልቀረችም። በ2018 የኢትዮጵያ አትሌቲክስ ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆና እስከ 2024 መርታለች። ወይዘሮ ሚሊያ የራሳቸውን ፌዴሬሽን ካቋቋሙ 97 ዓመት በኋላ፣ በአገሯ ፌዴሬሽን ወንበር ላይ ሯጭ የነበረች ሴት ተቀመጠች ማለት ነው።

ከፍታው አይደለም

ሰው ሁሉ የሯጮቻችንን ምስጢር በከፍታ ያስረዳል። የአርሲዋ የሯጮች ከተማ በቆጂ 2800 ሜትር ገደማ ላይ ነች፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ሳንባ ይሰፋል ይባላል። ውሸት አይደለም። እንጅባራ ግን 2500 ሜትርን ታልፋለች፤ ዳንግላም ከ2100 በላይ ነች። ባንጃና ፋግታ ለኮማ ውስጥ ልጆች ማለዳ ወደ ትምህርት ቤት የሚወጡትን ዳገት ላየ ሰው፣ አዊ ከአርሲ የሚያንሰው በአየር ነው ሊል አይችልም። ጎረቤታችን ሰከላ ያሳደገቻት ውዴ አያሌው በ2009 በርሊን ላይ በ10 ሺህ ሜትር የዓለም ሻምፒዮና ነሐስ አምጥታለች፤ ከግሽ ዓባይ ምንጭ አፍ ሯጭ እንደሚገኝ በእሷ ታውቋል።

በቆጂን በቆጂ ያደረጓት ሰው አሰልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ ናቸው። የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ነበሩ። ደራርቱን፣ ፋጡማን፣ ጥሩነሽን፣ ቀነኒሳን ገና በልጅነታቸው ያዩት እሳቸው ናቸው። አንድ መምህር፣ አንድ ሜዳ፣ የማይቋረጥ ቀጠሮ፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ ልጁን ተቀብሎ ደመወዝ የሚከፍል የአዲስ አበባ ክለብ። ከትምህርት ቤት እስከ ክለብ ያለው ይህ ሰንሰለት አንድ ቀለበቱ ቢጎድል ሳንባ ብቻውን የትም አያደርስም።

ሰንሰለቱ ደግሞ ለሴት ልጅ ቶሎ የሚበጠስበት ቦታ አለው። ወንዱ ከትምህርት ሲመለስ ሜዳ ይወርዳል፤ እሷ ውኃ ትቀዳለች፣ እንጀራ ትጋግራለች፣ ታናሾቿን ትይዛለች። አሥራ ሦስት አሥራ አራት ሲሆናት ከቤተሰብ በኩል የጋብቻ ወሬ ይመጣል። መምህሩ ጎበዝ ናት ብሎ ስሟን መዝግቦ በሚቀጥለው ሳምንት ሳትመጣ ስትቀር ጠይቆ የሚሄድለት አካል ከሌለ ያ ስም መዝገብ ላይ ይቀራል። ወይዘሮ ሚሊያ ማኅበር ያሉት ይህን ጠያቂ ነው።

አዊ ማኅበር ማቋቋም አያስተምሩትም። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ለዚህ ምስክር ነው። በጥቂት ሰዎች ተጀምሮ ዛሬ ከ60 ሺህ በላይ አባል አለው፤ በየዓመቱ ጥር 23 እንጅባራ ላይ የሚሰበሰበውን ሕዝብ ያየ ያውቀዋል። ማኅበሩ ፈረስ ማስጋለብ ብቻ አይደለም የሚሠራው፤ አባሉ ሲጣላ ያስታርቃል፣ ሲቸገር ይረዳል፣ ሲሞት ይሸኛል። መዋጮ፣ አለቃ፣ ደንብና ቀን አለው። 80 ዓመት ያለፈው በዚህ ነው። ፓሪስ ላይ ሴቶቹ በ15 ዓመት ያጡትን ጽናት እነዚህ ገበሬዎች አግኝተውታል።

እንግዲህ ለሴቶች ሩጫ የሚያስፈልገው እውቀት በቤታችን አለ። የዳንግላና የእንጅባራ ትምህርት ቤቶች የስፖርት መምህራን፣ የወረዳዎቹ የስፖርት ጽሕፈት ቤቶች፣ የሴቶች ጉዳይና የወላጅ ኮሚቴዎች አንድ የሴት ልጆች የሩጫ ማኅበር ቢያቋቁሙ ትልቅ በጀት አይጠይቅም። አንድ ሰዓት፣ አንድ ደብተር፣ በሳምንት ሦስት ቀን የማይሰረዝ ልምምድ፣ በዓመት አንድ ቀን የወረዳ ውድድር፣ ስትቀር ቤቷ ድረስ ሄዶ አባትና እናቷን የሚያነጋግር አንድ ሰው። ውጤቷን ጻፉላት፤ ሰዓቷ የተጻፈላትን ልጅ ክለብ ሊፈልጋት ይችላል፣ ያልተጻፈላትን ግን ማንም አያውቃትም። የፈረሰኞች ማኅበርም ጥር 23 ሕዝቡ በተሰበሰበበት ሜዳ ለሴት ልጆች አንድ ሩጫ ቢያስገባ፣ በአንድ ቀን 60 ሺህ አባቶች ልጆቻቸው መሮጥ እንደሚችሉ ያዩ ነበር። መጪው ጥር ከመድረሱ በፊት ጥያቄውን ለማኅበሩ ማቅረብ የእኛ ፈንታ ነው።